ሰባት ቤት እስከ ስኮትላንድ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰባት ቤት ቁጠሩ ብትባሉ ትችላላችሁ? እኔ አራተኛው ላይ ላብ ያጠምቀኛል። የጎረቤቴን የእትዬ ማርታ ዱንካንን ጉድ ካየሁ ወዲህ ደግሞ ቆጠራ ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል።

እትዬ ማርታ ቂርቆስ ተወልደው ቂርቆስ ያረጁ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። አባታቸው ዱንካን ሮስ የሚባሉ ስኮትላንዳዊ መካኒክ ነበሩ፤ ጣልያን ሲወጣ ከእንግሊዞች ጋር መጥተው፣ እትዬ ማርታ ገና ዳዴ ሲሉ አባትየው ሞቱ። እንግዲህ የእትዬ ማርታ ልጅ ሳራ ልታገባ ነው። የሙሽራው አባት አቶ ታደሰ ደግሞ መንዜ ናቸው፤ ግትር። ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ካልተቆጠረ ልጄን አልድርም አሉ። ኧረ የልጅቷ አያት ፈረንጅ ናቸው ቢባሉ፣ "ፈረንጅ አባት የለውም?" ብለው አረፉት። ምን ይባላል? ሳራ አለቀሰች።

እኔ ቢሮ ኮምፒውተር ስለምነካካ አዋቂ ተብዬ፣ እትዬ ማርታን ይዤ ካዛንቺስ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ስኮትላንዶች የቀድሞ ሰዎቻቸውን መዝገብ ኢንተርኔት ላይ ዘርግተውታል አሉ። ለምን ይሆን? ዘመድ ጠፍቶባቸው ነው? ነገሩ እኔንም አጓጓኝ።

የዱንካን አባት ሮስ ነው አይደል? ስለዚህ ዱንካን የሚባል ልጅ ያለው ሮስ የሚባል ሰው ፈለግን። የለም። በሳምንቱ ተመልሰን ፈለግን፤ የለም። ኋላ የሚሞላውን ሳጥን አስተውዬ ሳነበው፣ ሮስ ለካ የአባትየው ስም ሳይሆን የዘር ማንዘሩ ሁሉ ስም ነው!

"ታዲያ እነዚህ ሰዎች አባታቸውን በምን ይለዩታል?" አሉ እትዬ ማርታ።

አስተካክለን ብንጽፍ ተገኘ። የመዝገቡ ፎቶ ግን አልከፈት አለ። ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርድና፣ ፎቶው መምጫ ላይ ቀይ ኤክስ ብቻ ይቀራል። እትዬ ማርታ ኤክሱን ሲያዩ ከፋቸው። ስንቱን ተማሪ በኤክስ እንዳላስለቀስኩ ዛሬ በተራዬ፣ አሉ። ሌላ ቀን ስንመጣ ኮምፒውተሩ ፎቶውን ለማየት ሌላ ፕሮግራም ጫኑ አለን። ጫንን። በቃ፣ መውረድ ጀመረ። ዱንካን ሮስ... አባት፣ ጆን ሮስ... መብራት ሄደ።

የቆጠራው ቀን ደረሰ። እትዬ ማርታ ሳሎን ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። እሳቸው ዱንካን፣ ጆን ብለው ቆሙ።

"ከዚያ ወዲያ አልከፍት ብሎኝ ነው" አሉ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

አቶ ታደሰ እንዴት እንደሚቆጠር ላሳያችሁ ብለው የራሳቸውን ሳይተነፍሱ ያወርዱት ጀመር። ባላምባራስ አጥናፌ ላይ ሲደርሱ እትዬ ማርታ ብድግ አሉ።

"የመንዝ መሀል ሜዳው? የእናቴ ቅድመ አያት እኮ ናቸው!"

ለካ ስኮትላንድን ስንበረብር የእናታቸውን ወገን የጠየቀ የለም! ሳራ ፊቷን ሸፈነች። አቶ ታደሰ ልጃቸውን አዩ፣ ሳራን አዩ፣ ጺማቸውን እያሻሹ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ስማ ልጄ፣ ያ ኢንተርኔት የምትሉት የመንዝን ሰው ያወጣል?"

"ኧረ አያወጣም አባቴ።"

"በጭራሽ?"

"በጭራሽ።"

"ተመስገን!" አሉ። "እንግዲያው ሌላ አጥናፌ ነው። ይጋቡ።"