ከወረቀት ጋር የሚጣሉት እመት ባንቺዓለም

በየከተማው ከወረቀት ጋር የሚጣላ አንድ ሰው አይጠፋም። ደብዳቤ ሲነበብለት መልስ ይሰጣል፤ ማስታወቂያ ሲለጠፍ እሱን የሰደቡት ይመስለዋል። ለቢቸና ግን እግዜር አድሏት የእነዚህን ሁሉ አለቃ፣ ክብርት እመት ባንቺዓለምን ሰጥቷታል።

ማንበብ አይችሉም። የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ደጃቸው ድረስ መጥተው ቢለምኗቸው፣ «ወረቀት ምን ዓይን አለውና ያፍራል! የማያፍር ነገር ምን ብዬ ልማር?» ብለው ሸኟቸው።

ቀበሌው «ከስብሰባ የቀረ ይቀጣል» ብሎ የለጠፈ ዕለት ሊቀመንበሩ ጓዴ ፊት ሄደው ተገተሩ። ሰው ጥላውን የሚፈራበት ዘመን ነው፤ ጓዴ ደግሞ ሲያስነጥስ አገር የሚበረግግለት ሰው ነው።

«እስቲ እኔን እያየህ እቀጣሻለሁ በለኝ!»

«ኧረ እማማ፣ ለእርስዎ እኮ አይደለም የተጻፈው» አለ ጓዴ ጉሮሮውን እየጠረገ።

«ታዲያ ለማን ነው?»

እሳቸው ከስብሰባው ቀሩ፤ የቀጣቸውም የለም።

እንዲህ ሲኖሩ ነው የልጃቸው ደብዳቤ የመጣው። ሰብለ ወንጌል ሞጣ መምህርት ናት። በሠርጓ ዕለት እመት ባንቺዓለም ሙሽራውን፣ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣውን ጤና ረዳት፣ በሰው ፊት «ዘርህን ቁጠርልኝ» ብለው አፋጠውት ስለነበር፣ ልጅቱ ካኮረፈች ከራርማለች። አሁን መውለጃዋ ደርሷል። ደብዳቤውን የቀበሌው ጸሐፊ ውበቴ አነበበላቸው፣ የቅጣት ውሳኔ በሚያነብበት በዚያው ድምፁ።

«እንደምን ሰንብተሻል። እኔ ደኅና ነኝ። ለመውለጃዬ አትምጪ። የሚያገነፋልኝ ሰው አለኝ።»

ጎረቤታቸው ፈንታነሽ ከንፈሯን መጠጠች። «ቁርጡን ነግራሻለች እታለም። አትምጪ የተባለ ሰው እንዴት ይሄዳል?»

«ማን ነው አትምጪ ያለኝ?»

«ልጅሽ ናታ!»

«ይኸ የውበቴ ድምፅ ነው። ልጄ ገና አልተናገረችም።»

አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ አንጀታቸው አርሯል። የገዛ ልጃቸውን፣ ያውም በበኩር ልጇ፣ ባዳ ሊያርሳት ነው! በማግስቱ የገብስ ዱቄታቸውንና ቅቤያቸውን ይዘው የእህል መኪና ላይ ወጡ። ኬላ ላይ ዘበኛው የይለፍ ወረቀት ጠየቃቸው።

«እኔ ራሴ ቆሜልህ ወረቀት ትለኛለህ? ልጄን ላርስ ነው የምሄደው። ካሰኘህ እሰረኝ፤ ግን ፊቴን እያየህ እሰረኝ!»

ዘበኛው ቢያያቸው፣ ቢያያቸው፣ ገመዱን ፈታው። ቢቸና ይኸን ሰምታ ስትስቅ ከረመች። ይሳቅ ግድ የለም፤ እንዲህ ያለውን ድርቅና ግን እግዜር አያሳጣን!

ሞጣ ሲደርሱ ሰብለ ወንጌል ሆዷን ደግፋ በር ላይ ወጣች። አልሳመቻቸውም።

«እማ፣ ደብዳቤዬ አልደረሰሽም?»

«ደርሶኛል። አሁን ዓይን ዓይኔን እያየሽ ድገሚልኝ። ካልሽው ዱቄቱን አስቀምጬልሽ እመለሳለሁ።»

ጓዴን ያልፈሩት ሴትዮ የልጃቸውን አፍ ፈሩ። ኋላ ቢቸና ውስጥ «ልጅቱ አትምጪ ያለችው ለእናቷ ብላ ነው፣ መንገዱ እንዳያደክማት ነው» ያሉ ነበሩ፤ ውሸት ነው። ሰብለ ወንጌል የጻፈችው ከልቧ ነበር።

ቀና ብላ አየቻቸው። አቧራው ቅንድባቸውን አልብሶታል፤ የዱቄቱን ከረጢት እንደ ታቦት አቅፈውታል።

«አት…» ብላ ጀመረች። እሳቸውም አላገዟትም፤ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ጠበቁ።

«አትቁሚ ፀሐይ ላይ» አለች በመጨረሻ እንባዋ እየወረደ። «ግቢ እንጂ እማዬ። ማን ሊያገነፋልኝ ነው?»