መሃል ላይ የቆመችው ቀስት

በመሥሪያ ቤታችን ታላላቅ ውሳኔዎች ተወስነዋል፤ አብዛኞቹ ከሻይ ሰዓት በፊት። ስለ አሮጌዋ ፒክአፕ የሞተር ሙቀት መለኪያ፣ ስለ ጌጇ፣ የተወሰነውን የሚያህል ግን የለም። ትውልድ ይወቀው ብዬ እነሆ እጽፋለሁ።

ፒክአፗ የውሃ ጽሕፈት ቤታችን ብቸኛ መኪና ናት። ኃላፊያችን በተሾሙ ሰሞን "ዘመኑ ላይ እናድርሳት" አሉና ከተገለበጠ የጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር ተገጠመላት፤ እግሯም በትልልቅ ጎማ ተቀየረ። ዳሽቦርዷ ብቻ አዲሱን ሞተር አላውቀውም አለ። የፍጥነቱ ጌጅ ስልሳ ሲል መኪናዋ ሰባ ትከንፋለች። የሙቀቱ ጌጅማ ሞተሩ ነደደ አልነደደ ዜሮ ላይ ተኝቷል።

ሾፌራችን፣ ከጥንቃቄያቸው ብዛት "ጋሼ ፍሬን" የምንላቸው፣ "ዓይንህን ጨፍነህ ንዳ እንደ መባል ነው" ብለው አቤት አሉ። የመኪና ኤሌክትሪሻን ተጠራች። ልጅቷ ሁለት ቀን ሙሉ ዳሽቦርዱ ሥር ተጋድማ ሠራች። ከአሮጌው ጌጅ ጋር የሚግባባ ሴንሰር ፈልጋ አመጣች፤ የፈላ ውሃ ውስጥ እየነከረች ቀስቷ የት እንደምትቆም አየች፤ ከዚያ ሞተሩ ላይ ገጠመችው። ጌጁ እውነት መናገር ጀመረ። መከራችንም ያኔ ጀመረ።

ኃላፊያችን ለሙከራ ተሳፍረው ገና ዳገቱን ሳያጋምሱ ቀስቷ ቀዩ ውስጥ ገባች። ሲመለሱ ፊታቸው ከቀዩ መስመር ይብስ ነበር።

"ምን አድርገሽው ነው?"

"እኔ ምንም። ሞተሩ ትልቅ ነው፤ ራዲያተሩ የድሮው ትንሹ ነው። ማቀዝቀዝ አልቻለም። ራዲያተሩ ይቀየር።"

"አንቺ ሳትነኪው እኮ ጸጥ ብሎ ነበር!"

"ጸጥ ያለው ስለማይሠራ ነዋ!"

"እንግዲያው ቀስቷን አስተካክያት።"

"በሽተኛውን ትቼ ቴርሞሜትሩን ላክም?" አለችና መፍቻዎቿን ሰብስባ ወጣች። የሙያ ሰው ችግሩ ይኸው ነው፤ ነገሩን ስለሚያውቅ ውይይት አይችልም።

እኛ ግን እንችላለን። ስብሰባ ተጠራ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ቀስቷ ወደ ቀይ የምታደርገው ያልተፈቀደ እንቅስቃሴ የሠራተኛውን ሞራል የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ መሃል ላይ እንድትጸና በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።" የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ በታዛዥነታቸው የታወቁ ናቸው፤ የጌጁን መስታወት ፈልቅቀው ቀስቷን በማስቲሽ መሃል ላይ አጣበቋት። ተጨበጨበ። ጋሼ ፍሬን ብቻ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በሳምንቱ ከዳገቱ ማዶ ያለው ሰፈር ፓምፑ ተቃጥሎ አራት ቀን ያለ ውሃ ዋለ። አዲስ ፓምፕ ተጫነ። ኃላፊያችን የምረቃ ንግግራቸውን ይዘው ጋቢና ገቡ፤ እኔ ከፓምፑ ጋር ከኋላ ተጫንኩ። የጋቢናው የኋላ መስታወት ከረገፈ ስለቆየ ወሬያቸው አላመለጠኝም።

"ጌታዬ፣ ይሸታል። ቆም ብለን እናብርደው" አሉ ጋሼ ፍሬን ዳገቱ ላይ።

"ጌጁ ምን ይላል?"

"መሃል።"

"በቃ! ይንዱ።"

ጥቂት ሄድን። ከኮፈኑ ሥር ነጭ ነገር መትነን ጀመረ።

"ጌታዬ፣ እንፋሎት ነው!"

"ጉም ይሆናል።"

"በዚህ ፀሐይ?"

"ጋሼ፣ እርስዎ ጌጁን ነው ወይስ ዓይንዎን የሚያምኑት?"

ሽማግሌው መሪውን ወደ ዳር ጠምዝዘው ሊያቆሙ ሲሉ ሞተሩ ቀደማቸው። ጧ! አለና ጸጥ አለ። ኃላፊያችን ጎንበስ ብለው ጌጁን አዩና፣ "እንኳን ከባድ ነገር አልሆነ" አሉ።

የሰፈሩ ሰዎች ወሬውን ሰምተው ወረዱ። ጄሪካናቸውን መንገድ ዳር ደርድረው ፓምፑን በሸክም እየተቀባበሉ ወሰዱት። ጋሼ ፍሬንም በዚያ ዕድሜያቸው ትከሻቸውን ሰጥተው አብረው ወጡ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ፈሰሰ፤ እልልታው እኛ ዘንድ ድረስ ተሰማ። ኃላፊያችን መኪናዋን ጥለው አልሄዱም፤ ንግግራቸውን ለእኔ አነበቡልኝ። ሦስት ገጽ ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ቴስታው፣ መሰንጠቁ አልተካደም፤ ጌጁ ግን ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጥፋተኛው ጌጁን የተጠራጠረው ሾፌር ሆነ። ጋሼ ፍሬን ከመንዳት ታግደው፣ በግቢው ጥግ የቆመችውን ፒክአፕ ከጠዋት እስከ ማታ እንዲጠብቁ ተፈረደባቸው። ቀኑን ሙሉ ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብለው ደጁን ያያሉ። አንድ ቀን ቡና ይዤላቸው ብሄድ፣ "ሰው ውሃ እስኪጠጣ ካደረስኩ ይበቃኛል" አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

መኪናዋ ከቆመች ዓመት ሞላና የሠራተኛ ግምገማ መጣ። በመዝገቡ ላይ የአንድ ሾፌር ስም ብቻ ጎልቶ ወጣ፦ ግጭት የለ፣ የትራፊክ ቅጣት የለ፣ አንድ ሊትር ነዳጅ እንኳ አላባከነ። ጋሼ ፍሬን የዓመቱ አርአያ ሠራተኛ ተባሉ። ኃላፊያችን በገዛ እጃቸው ሜዳሊያ አጠለቁላቸውና፣ "ለዚህ ውጤት ያበቃዎትን ምስጢር ለባልደረቦችዎ ያካፍሉ" አሏቸው።

"አለመንቀሳቀስ ነው" አሉ ጋሼ ፍሬን።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቃሉ ተቀርጾ በየቢሮው እንዲሰቀል ታዘዘ፤ እስካሁን ግን አልተሰቀለም። ሊሰቅለው የሚነሣ ሠራተኛ ጠፋ።