እየተሽቀዳደምን ቀብር ገባን

ዛሬ የማላውቀውን ሰው ቀብሬ መጣሁ።

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ስሙን አላውቅም ነበር፣ ሴት ይሁን ወንድ አላውቅም ነበር፤ ግን እስከ ቤተ ክርስቲያን ሸኝቻለሁ፣ አፈር ሲለበስም ቆሜአለሁ። ጥፋቱ የሳይክሌ ነው።

እንግዲህ ልናዘዝ። ስትስቁ ግን ቀስ ብላችሁ፤ ለዛሬ በበቂ ተስቆብኛል።

የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ እኔ ሰው ፊት ማውራት ሞቴ ነው። ከጊንጪ ለሥራ ወደ አምቦ ከመጣሁ ስድስት ወር ሊሆነኝ ነው። እስካሁን ከቢሮ ውጭ ጓደኛዬ የምለው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለኝ። እሳቸውም ጓደኛዬ መሆናቸውን አያውቁም!

ቲቸር ገመቹ ይባላሉ። ስማቸውን ያወቅሁት ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲጠሯቸው ሰምቼ ነው። የሂሳብ መምህር ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። የሱሪያቸውን እግር ካልሲያቸው ውስጥ ከተው ጥቁር ሳይክል ይነዳሉ።

የዛሬ አራት ወር ገደማ ከምሳ ስመለስ፣ ሁሉቃ ድልድይ ላይ ደወላቸውን ሁለቴ ደውለው አለፉኝ። በማግሥቱ እኔ አለፍኳቸው። (ደወል አልነካሁም፤ ድፍረቱ ከየት መጥቶ!)

በቃ፣ ከዚያ ወዲህ እሽቅድምድም ሆነ።

ማንም ደንብ አላወጣም። ግን ደንብ አለ። መነሻው ድልድዩ ነው፣ መድረሻው የእሳቸው ትምህርት ቤት በር። ከኮርቻ ተነስቶ መርገጥ ይፈቀዳል። ጋሪ መንገድ ከዘጋ አይቆጠርም። የተሸነፈ አንገቱን ነቅነቅ ያደርጋል፤ ያሸነፈ ወደ ኋላ ዞሮ አይስቅም። ንግግር የለም።

ንግግር የሌለበት ጓደኝነት! ለእኔ ዓይነቷ ከሰማይ የወረደ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ጉድ።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የሙከራ ጊዜዬ ይገመገም ነበር። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ፊት ቀርቤ የስድስት ወር ሥራዬን አስረድቼ ወይ ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጊንጪ። ኃላፊያችን አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠርተው "ሌንሳ፣ ዛሬ ብቻ እንዳታረፍጂብኝ!" ብለውኛል።

ምሳዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ድልድዩ ጋ ነኝ። ቲቸርም ደረሱ።

ሰፊ ጊዜ ነበረኝ። ቀስ ብዬ መሄድ እችል ነበር። ግን በዚህ ሳምንት ሁለቴ አሸንፈውኛል!

ረገጥኩ።

ወገኖቼ፣ እንደ ዛሬ ነድቼ አላውቅም። አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ፣ ቲቸርን ሃያ ሜትር ያህል ጥያቸው፣ በልቤ "ዛሬስ አገኘኋቸው!" እያልኩ ኩርባውን ታጠፍኩ።

ቀብር።

አስከሬኑ ከፊት፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ከኋላ። ፍሬኔን ስይዘው "ጢጥጥጥ!" ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በእኛ ዘንድ መቼም ታውቃላችሁ፤ ቀብር ያጋጠመው ሰው ይወርዳል፣ ጥቂት እርምጃ ሸኝቶ ነው መንገዱን የሚቀጥለው። ወረድኩ። ቲቸርም ከኋላዬ ደርሰው ወረዱ።

"ሃያ እርምጃ" አልኩ በልቤ። "ከዚያ ቀስ ብዬ እገነጠላለሁ።"

ሃያ እርምጃ ሄድኩ። ቲቸርን በጎን አየኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ይራመዳሉ።

ዘመዳቸው ነው ማለት ነው! በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ሐዘን ላይ ሆነው፣ እኔ ሳይክሌ ላይ ዘልዬ እብስ ልበል? እናቴ እኮ እኔ ቢሮ ሳልደርስ ጊንጪ ሆና ትሰማለች! ሰዉ ብዙ ቢሆን ሹልክ እል ነበር። ግን ጥቂት ነው፤ አንድ ሰው ቢጎድል ያስታውቃል።

ሌላ ሃያ እርምጃ። ሌላ መቶ።

ከሁሉ የከፋው ድምፁ ነበር። ሳይክል ሲገፋ የኋላ ጎማው "ጠጠጠጠጠ" እንደሚል አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ሰው እያለቀሰ የእኔ ሳይክል ጠጠጠጠጠ! ቢጨንቀኝ ኮርቻውን ይዤ የኋላ ጎማውን ከመሬት አነሳሁት። ቲቸር አዩኝና የእሳቸውንም አነሱ።

እስቲ አስቡት። ከፊት ሰዎች አስከሬን ተሸክመዋል። ከኋላ እኛ ሁለታችን ሳይክል ተሸክመናል።

አቧራ የገባበት ዓይኔ ያለማቋረጥ ያነባል። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ክንዴን ደገፍ አድርገው "አይዞሽ ልጄ፣ የሁላችንም መንገድ ነው" አሉኝ። "አይ፣ አቧራ ነው" እንዴት ይባላል? ግራ ቢገባኝ "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ቀብር ላይ አመሰግናለሁ!

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደረስን። እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ ልግባ፣ ውጭ ልቁም፣ ጨነቀኝ። ቲቸር ሲቆሙ ቆምኩ። ጎንበስ ሲሉ ጎንበስ አልኩ። ሲገቡ ገባሁ። ስልክ ማውጣት ነውር ስለሆነ ሰዓቱን ማየት አልቻልኩም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቲቸር አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገውልኝ፣ ሳይክላቸው ላይ ወጥተው ተፈተለኩ።

ቢሮ ስደርስ ስምንት ሰዓት ከአርባ።

ኮሚቴው ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

"የት ነበርሽ?" አሉ አዴ ጫልቱ።

"ቀብር።"

የሁሉም ፊት ተለወጠ። "ውይ! እግዚአብሔር ያጽናሽ! ማን ሞቶብሽ ነው?"

እዚህ ላይ "አክስቴ" ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል! ግን ልዋሽ ስል ምላሴ ይተሳሰራል።

"አላውቅም" አልኩ።



"አላውቅም ማለት?"

"ማለት... ሰውየውን... ወይም ሴትየዋን... አልጠየቅኩም።"

"ታዲያ ማን ወሰደሽ?"

"ማንም። እየተሽቀዳደምን ነበር።"

የኮሚቴው አባል ኦቦ ደሳለኝ ውኃ እየጠጡ ነበር፤ በአፍንጫቸው ወጣ። ላስረዳ ብዬ ደግሞ ባሰብኝ! ድልድዩን፣ ደንቡን፣ ጎማ ማንሳቱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስድስት ወር ዝም ያልኩት ሴት ዛሬ አፌን የሚዘጋው ጠፋ።

አዴ ጫልቱ አልሳቁም። (ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የያዙት፤ አይቻለሁ።) ከመሳቢያቸው አንድ ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። የሐዘን ፈቃድ መጠየቂያ።

"ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሞልተሽ ነይ፤ ግምገማውም ያኔ ይሆናል። ካልሞላሽ ያለፈቃድ ቀረች ተብሎ ይመዘገባል፤ በሙከራ ጊዜ ያ ምን ማለት እንደሆነ አንቺም አታጪውም። ምነው የኔ ልጅ፣ የቀበርሽውን ሰው ስም እንኳ አይጠየቅም?"

ስም! ማንን ልጠይቅ? ከቲቸር ገመቹ በቀር የማውቀው ለቀስተኛ የለኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ ቆምኩ። የምናገረውን አራት ጊዜ ተለማመድኩ። ሲመጡ ሁሉም ጠፋኝና "ቲቸር!" ብዬ ጮህኩ።

በአራት ወር የመጀመሪያ ቃሌ ናት። ደንግጠው ሊወድቁ ነበር።

"አካም ኦልተኒ፣ ቲቸር። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሟች... ምንዎ ነበሩ?"

አፈጠጡብኝ። "የኔ? የአንቺ አይደሉም እንዴ?"

"የኔ?!"

"ስታለቅሺ አየሁሽ እኮ!"

"አቧራ ነው!"

"ሴትየዋስ አይዞሽ ሲሉሽ?"

"እሳቸውም ለቅሶ መስሏቸው ነው!"

"ያ ጎፍታ!" ብለው ግንባራቸውን ያዙ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ሐዘንተኛ ልጅ ብቻዋን ጥዬ አልሄድም ብዬ ነው! ፈተና ነበረኝ! አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጠብቆ ጠብቆ ተበተነ። ይኸው ቀብር መሆኔን ሰምተው ሟችን እየመረቁ ወደየቤታቸው ሄዱ!"

"እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ እርስዎ ሲጎነበሱ እያየሁ ነው የተጎነበስኩት።"

"እኔም ጴንጤ ነኝ! አንቺን እያየሁ ነበር!"

ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የባጃጅ ሹፌሮች ቆመው እስኪያዩን ድረስ!

ከዚያ ቲቸር ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። "ግን ሰው ቀብሮ ስሙን ሳያውቁ ማደር ነውር ነው። ነይ፣ ለቅሶ ቤቱን ጠያይቀን እንድረስ።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ነዳን። የግምገማዬንም ጉድ መንገድ ላይ ነገርኳቸው። ከባድ ነው እኮ! እግሬ ሳላዘው ሊቀድም ይላል፣ እኔ ፍሬን እይዛለሁ።

ድንኳኑ ትንሽ ነበር፤ ሰውም ጥቂት። ዓይኗ ያበጠ ሴት ገና ስታየን ብድግ አለች።

"ባለ ሳይክሎቹ! እነማን ናቸው ስንል ነው የዋልነው። ከደንዲ የመጡ የእናቴ ዘመዶች መስላችሁን ነበር።"

"ዘመድ እንኳ አይደለንም" አሉ ቲቸር አቀርቅረው። "መንገድ ላይ ያገኘናችሁ ነን።"

"ታዲያ ይበልጣል!" አለች። "እናቴ እዚህ ሰው አልነበራትም። ሸኚ ያንሳታል ብዬ ስፈራ ነው ያደርኩት። እናንተ ግን ድምፁ እንዳይረብሸን ብላችሁ ሳይክል ተሸክማችሁ..." መጨረስ አቃታት።

እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ቅጽ ይዤ ስም ልጠይቃት ነው የመጣሁት!

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ለቢሮ ስለሚያስፈልገኝ የእናትሽን ስም ብትነግሪኝ" ይባላል? አልጠየቅኩም። ቋሚነቱ ጥንቅር ይበል አልኩ። ዓይኔ እንደገና አነባ፤ አሁን ግን አቧራ አልነበረም።

ንፍሮ ሰጡን። ቁጭ አልን። ቆይቶ ገና ከደንዲ የደረሱ አንዲት አሮጊት "ድንቅነሽ! ድንቄ እህቴን!" እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ።

ወይዘሮ ድንቅነሽ። ነፍሳቸውን ይማር።

ስንለያይ ቲቸር "ግምገማሽ ይቅናሽ" አሉኝ። "ነገ ከምሳ በኋላ ግን አዝኜልሽ እሸነፋለሁ ብለሽ እንዳታስቢ!"

አሁን ቅጹ ፊቴ ተዘርግቷል። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ "እንደምን ዋሉ" ብያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ነገሩ መንገድ ላይ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር። ለካ ዓይናፋርነት አፍ ይዘጋል እንጂ እግር አያስቆምም!

"የሟች ስም" የሚለውን ሞልቻለሁ። ቀጥሎ "ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና" ይላል። "ጎረቤት" ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። "የለም" ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት፤ ልጅቷ ትዝ አለችኝ።

በሉ እስቲ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፋላችሁ? የምቀበለው እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው!