የኦቦ ዋቅቶላ የወይን ሐረግ

በየከተማው ተስፋ መቁረጥ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም፤ በእሱ ምክንያት የቀረነው ሁሉ ተስፋ እንቆርጣለን። የአምቦው ኦቦ ዋቅቶላ ይባላሉ።

ኦቦ ዋቅቶላ ዕድሜ ልካቸውን የመንገድ ሥራ ግሬደር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መጨረሻ ላይ የተመደቡት ዝዋይ አካባቢ ነበርና እዚያ የወይን እርሻ አዩ። ሌላው ሰው ከዝዋይ ሲመለስ ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የወይን ቅርንጫፍ ይዘው መጡ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የወይን አብቃዮችና ጠማቂዎች ክበብ አቋቋሙ፤ ክቡር ሊቀመንበርም ራሳቸው ሆኑ። እኔ ጸሐፊ ሆኜ የተመረጥኩት ሽንት ቤት በሄድኩበት ነው።

ከእኛ ሌላ ፋርማሲ ያላት ወይዘሮ ወሰንየለሽና የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴው አብዱልከሪም አባል ሆኑ። አብዱልከሪም መጠጥ በአፉ አይዞርም። «እኔ የማበቅለው ልጆቼ ፍሬውን እንዲበሉ ነው። ከዚያ ወዲያ የምታደርጉትን እናንተው ታውቃላችሁ» ብሎ ነው የገባው። እውነቱን ለመናገር ግን ከዚያ ወዲያ የምናደርገውን እኛም አናውቅም ነበር።

የአምቦን ክረምት የሚያውቅ ሰው ወይን አይተክልም። ሐምሌ ሲገባ ቅጠሉ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስል ሻጋታ ይወጣል፤ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ይረግፋል። ድኝ ረጨን፤ ዝናቡ አጠበው። ላስቲክ ጋረድን፤ ንፋስ ወስዶ ለጎረቤት ጣራ አለበሰው። ከሻጋታ የተረፈውን ወፍ ለቀመው። ክቡር ሊቀመንበሩ የረገፈውን ቅጠል በእግራቸው ገፋ እያደረጉ፣ «ኢጆሌ፣ ዘንድሮ ይይዛል!» ይሉናል። እንደ ልጆቻቸው ነው የሚጠሩን፤ እኛም እንደ ልጅ እናምናለን።

አንድ ጊዜ ወሰንየለሽ ቀስ ብላ፣ «ኦቦ፣ ባኮ እኮ ቆላ ነው። እዚያ ብንሞክረው አይሻልም?» አለቻቸው።

«ለባኮ በቆሎው ይበቃታል!» አሉና ሳምንቱን ሙሉ አኮረፏት።

ከወፍ የተረፈችውን ጨምቀን የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ስንቀምስ ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። «ሲቆይ ይለሰልሳል» አሉ ሊቀመንበሩ። ቆየ፤ ባሰበት። «በአምቦ ውሃ ቀላቅላችሁ ሞክሩት» አሉ። ወሰንየለሽ ቀላቅላ ቀመሰችና፣ «ውሃው ምን አደረገ?» ብላ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

ከሁሉ የከፋው ግን የጀሪካኑ ነገር ነው። ልጃቸውን ዱረቲን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ። ኦቦ ዋቅቶላ እየተብላላ ያለውን ጠጅ ክዳኑን ጥርቅም አድርገው ከሶፋው ጀርባ አስቀምጠውት ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ከተማው ድንገተኛ ድምፅ የሚችልበት ጊዜ አልነበረም፤ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ነው የከረመው። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «የመጣንበት ጉዳይ» ከማለታቸው ጀሪካኑ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ በአንድነት መሬት ላይ ተዘረሩ። አንደኛው ቀና ብለው የቀላ ጋቢያቸውን ሲያዩ «ተመታሁ!» ብለው ጮኹ። ኦቦ ዋቅቶላ ተንበርክከው ጋቢውን በጣታቸው ነካ አድርገው ላሱና፣ «አይዞዎት፣ ትንሽ ጎምዝዟል እንጂ ይዟል!» አሏቸው።

ዱረቲ እንደ ምንም ተዳረች። ክበቡ ግን ከዚያ ወዲህ አላገገመም። በኋላ ገብተው የነበሩ አባላት አንዳንዱ ዝውውር አገኘ፣ አንዳንዱ ደህና ሰበብ አገኘ። አምና ሦስታችን ኬክ ቤት ተቀምጠን ክበቡን ለመዝጋት ወሰንን። ማን ይንገራቸው የሚለው ላይ ስንደርስ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ይህን ያህል ዓመት ከወይን ጋር ታግዬ ያገኘሁት ነገር ቢኖር የሆድ ቁርጠት ነው፤ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የምናገረውን እያጠናሁ ወደ ቤታቸው ስሄድ አብዱልከሪም ደወለ። «ኦቦ ወይናቸው ሥር ወድቀዋል። ስትሮክ ነው አሉ» አለኝ።

ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ከንፈራቸው ወደ አንድ ጎን ዘምሟል። ሐኪሙ ቀስ በቀስ መናገር እንደሚችሉ፣ ዝም ካሉ ግን አንደበታቸው እንደሚተሳሰር ለባለቤታቸው ለአዴ ጉዴ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ዝም አሉ። ዱረቲ መጥታ አለቀሰች፤ ዝም። ቄሱም መጡ፤ ዝም። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያደገ ያልተገረዘ ሐረጋቸውን ያያሉ። «ዘንድሮ ይይዛል» የሚለን ጠፋ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ጭርታ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ የማወራው ባጣ ተነሥቼ መቀሱን አነሣሁ። መግረዝ ጸሐፊ የሚሠራው ሥራ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ሊቀመንበሩ ለማንም ፈቅደው አያውቁም። ያገኘሁትን ቅርንጫፍ ከግንዱ ቆርጬ ጣልኩት። ለካ እሱ ነው ፍሬ ያንጠለጠለው።

«ደ... ደደብ!»

ዞር ስል ኦቦ ዋቅቶላ በግራ እጃቸው ከዘራቸውን ወደ እኔ ቀስረዋል። ፊታቸው ቀልቷል።

«ከዐይኑ... በላይ!» አሉ። ዐይን የሚሉት ቀንበጥ የሚያቆጠቁጥበትን ጉጥ ነው። «ከዐይኑ በላይ ነው... የሚቆረጠው!»

አዴ ጉዴ ሊጥ የነካ እጃቸውን እንደያዙ ከጓዳ ወጥተው በሩ ላይ ቀሩ። ማንም ደደብ ብሎኝ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። መቀሱን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ወሰድኩና ዐይኔ እያየ ከዐይኑ በታች ቆረጥኩት።

ወይን በየሳምንቱ አይገረዝም። እኛ ግን እንገርዛለን። ወሰንየለሽና አብዱልከሪምም ተራ ይዘው ያበላሻሉ፤ አብዱልከሪም እንዲያውም ተሰጥኦ አለው። ኦቦ ዋቅቶላ በግማሽ አንደበታቸው ሦስታችንንም ይሰድቡናል፤ ስድቡ ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ፣ እየጠራ መጥቷል። ባለፈው አብዱልከሪምን አያት ቅድመ አያቱን ጠርተው ያለ አንድ መንተባተብ ወቅሰውታል።

ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስወጣ አዴ ጉዴን በሩ ላይ ቆም አድርጌ፣ «ሐረጉ እኮ እያለቀ ነው» አልኳቸው።

ወደ በረንዳው መለስ ብለው አዩ። ባላቸው አሁንም ለብቻቸው እያጉረመረሙ ነው።

«ማሎ፣ እባክህ የኔ ልጅ» አሉኝ ክንዴን ይዘው፣ «እንግዲያው ቀስ ብለህ አበላሽ።»