ተራ የደረሰው ግንደ ቆርቁር

(አትላስ ተራራ ላይ፣ የዝግባ ጫካ። ሃዱ በሆዱ ተኝቶ፣ ግንደ ቆርቁር ጎጆ የሠራበትን የዛፍ ቀዳዳ በሩቅ ማሳያ መነጽር ይመለከታል፤ ዓይኑን ለአፍታም አይነቅልም። ጎረቤቱ ባሱ ከኋላው ቁጢጥ ብሏል፤ ከጀለቢያው አንገት ጋር የተሰፋው ሰፊ ቆብ ከብዶ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል።)

ባሱ፦ ወፉን ራሱን አያመውም ወይ ነው የምልህ።

ሃዱ፦ አያመውም አልኩህ እኮ።

ባሱ፦ ቀኑን ሙሉ ግንድ ሲቀጠቅጥ ውሎ?

ሃዱ፦ ራሴን ያመመኝስ እኔን ነው፣ በአንተ ወሬ።

ባሱ፦ ኧረ እኔስ ሚስትህ ኢቶ ልካኝ ነው። እሷ...

ሃዱ፦ ዝም በል፣ ተራ ሊቀያየሩ ነው። እንቁላሉን ወንዱም እንደ ሴቷ በተራው ይታቀፋል። ይህን ብናገር መንደሩ ሁሉ ሳቀብኝ። ዛሬ ሳላይ ብመለስ መሳቂያ ሆኜ መቅረቴ ነው።

ባሱ፦ ወንዱ? እንቁላል ላይ?

ሃዱ፦ ሌሊቱንማ ሙሉውን የሚያድረው እሱ ነው። ያ አናቱ እንዳለ ቀይ የሆነው። ትናንት እራት ላይ ለኢቶም አስረድቻታለሁ።

ባሱ፦ ገብቷታል።

ሃዱ፦ እሷ ከአንተ ትሻላለች። ምን ላከችልኝ?

ባሱ፦ ቆቤ ውስጥ ነው።

ሃዱ፦ ዳቦ ነዋ። ትኩስ ነው?

ባሱ፦ (ጀርባውን ዳበስ አድርጎ) ትኩስ ነው። ከታች ግን ረጥቧል።

ሃዱ፦ የወይራ ዘይት አብዝታበት ነው። ትወደኛለች እኮ።

ባሱ፦ ይንቀሳቀሳልም።

ሃዱ፦ አንተ አርፈህ ስለማትቀመጥ ነው።

(እኝ እኝ የሚል ድምፅ ይሰማል።)

ሃዱ፦ ሰማህ? ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ።

ባሱ፦ ለእኔ ከጀርባዬ ነው የተሰማኝ።

ሃዱ፦ ጫካ ውስጥ ድምፅ ያታልላል። ስማው፣ እንዴት ደስ ይላል። ይህን ትቶ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ሞኝ ነው።

ባሱ፦ የልጅህስ ድምፅ?

ሃዱ፦ የእሱማ ያደነቁራል። እንቅልፍ ቢነሳኝ አይደል ሸሽቼ እዚህ የመጣሁት።

(ድምፁ ይበረታል።)

ሃዱ፦ ርቧቸዋል። እናትየው ምነው ቀረች? ምን ዓይነት እናት ናት?

ባሱ፦ እህቷ ሰርግ ሄዳለች። ነገ ነው የምትመጣው።

ሃዱ፦ የግንደ ቆርቁሯ እህት?

ባሱ፦ የኢቶ።

(ሃዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ይላል። ባሱ ከቆቡ ውስጥ የተጠቀለለ ሕፃን አውጥቶ ያሳቅፈዋል፤ ከኪሱ ደግሞ ጡጦ ያወጣል።)

ሃዱ፦ ባሱ፣ ይሄ እኮ ልጄ ነው።

ባሱ፦ ልነግርህ ስል ዝም በል አልከኝ።

ሃዱ፦ እኔ ምን ላድርገው?

ባሱ፦ «ሌሊቱን የሚያድረው ወንዱ ነው ብሎኛል» ነው ያለችው።

ሃዱ፦ ተሳስቼ ነው በላት። ወንዱ አይታቀፍም።

(ከዛፉ ቀዳዳ እንዳለ ቀይ የሆነ አናት ብቅ ብሎ ቁልቁል ያያቸዋል።)

ባሱ፦ እስቲ ለእሱ ንገረው። (ጀለቢያውን አራግፎ ይነሳል) ግን አታስብ፣ ማንም አይስቅብህም። ተራ ሲቀያየሩ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ለመንደሩ እመሰክርልሃለሁ።