ዜና ዓመለወርቅ ዘሶዶ፦ ያልዘነበውን ዝናብ እንደ ለካች

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዳይሬክተር ሐብተማርያም በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ የሙአለ ሕፃናቱ የሽንት ቤት በር በተገነጠለ በሰባተኛው ወር፣ መጋቢት በባተ በመጀመሪያው ቀን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶ ከተማ የተጀመረው ገድል ይህ ነው።

በዚያ ዘመን መምህርት ዓመለወርቅ ነበረች፤ ትውልዷ ቦዲቲ፣ አፍንጫ ጠራጊ፣ የጫማ ክር አሳሪ፣ የአርባ ሁለት ሕፃናት ጠባቂ፣ በየማለዳው በሚኒባስ ታጭቃ የምትመጣ፣ ስሟ በጣፋጭ አንደበት የሚጠራ፣ የቅጥር ውሏ ግን ገና ጊዜያዊ የሆነ። እርሷም ፀሐይንና ደመናን ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ማስተማር ሰለቻትና ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ አነሣች፤ አንገቱን በቢላዋ ቆረጠች፤ የቆረጠችውንም ገልብጣ አፉ ላይ ሰካችው፤ በጎኑ በማርከር ሚሊ ሜትር አሰመረችበት፤ ንፋስ እንዳይጥለውም ግቢው መካከል ተክላ ዙሪያውን በድንጋይ ደገፈችው። ወእምዝ ድምጿን ከፍ አድርጋ አዋጅ አስነገረች፦

«ልጆች ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ዝናብ እንለካለን። ያየነውን እንጽፋለን፣ ያላየነውን አንጽፍም። ገባችሁ?»

ሠራዊቷም ተከተላት። ባሮክ፣ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ካልሲ ብቻ የሆነ፤ ሙዓዝ የባለሱቁ የከድር ልጅ፣ ኪሱ የብስኩት ፍርፋሪ ጎተራ የሆነ፤ መሲ፣ ሰልፍ በተያዘ ቁጥር ሽንቷ የሚመጣ፤ ህብረት የአምስት ዓመቷ፣ የነገሯትን ሁሉ በእጇ ሳትነካ የማታምን፤ ከእነርሱም ጋር ሌሎች ሠላሳ ስምንት። በየቀኑ በሦስት ሰዓት ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው የንፋሱን አቅጣጫ ይመረምራሉ፤ ጠርሙሱን ከበው ይንበረከካሉ። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ፣ የዲምቱ ገበሬ እንኳ ሰማይ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነበርና፣ ሰባት የትምህርት ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አልተገኘም። ሕፃናቱ ግን «ባዶ!» እያሉ በእልልታ ይመለሱ፣ ዜሮዋንም አምባሻ አሳክለው በሠንጠረዡ ላይ ይሥሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ሌላ አዋጅ ወጣ፦

«ሐሙስ ሱፐርቫይዘር ይመጣል። ዕቅዳችን ላይ ሕፃናት ዝናብን በተግባር ይለካሉ ይላል። ስለዚህ ሐሙስ ዝናብ ይለካል። መምህርት ዓመለወርቅ፣ ቋሚ የመሆንሽ ነገር በዚህ ቀን እንደሚወሰን እንዳትረሺ።»

እርሷም ካልዘነበስ ብላ ብትጠይቅ፣ «ዕቅድ ዕቅድ ነው» የሚል ተጨማሪ አዋጅ ወረደ።

መጋቢት ፲ ሐሙስ ነጋ፤ ሰማዩም ታጥቦ እንደ ተደፋ ሳህን ጠርቶ ዋለ። ዳይሬክተር ሐብተማርያም ዘበኛውን ጋሽ ቦልቴን በምስጢር ጠርተው ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ውሃ ጠብ እንዲያደርጉ አዘዙ። ጋሽ ቦልቴ ግን እጃቸው ትንሽ የሚባል ነገር የማያውቅ ደግ ሰው ነበሩና፣ የወለል መወልወያው ጨርቅ ከተነከረበት ባልዲ ቀድተው እስከ አፉ ሞሉት።

በሦስት ሰዓት ሱፐርቫይዘር አቶ ጩማ በሁለት ባለሙያዎች ታጅበው ገቡ፤ ዕቅዱን አስቀድመው አንብበው ነበርና በዚያ ፀሐይ ጃንጥላ ይዘው ነበር። ወደ ጠርሙሱም አጎንብሰው መስመሩን አነበቡ፤ እርግጠኛ ለመሆንም ሌባ ጣታቸውን ነከሩ፤ ወዲያውም አወጁ፦

«መቶ አርባ ሚሊ ሜትር! በጣም ጥሩ አፈጻጸም ነው፤ ይመዝገብ!»

ያን ጊዜ ህብረት ቁጢጥ አለች። መዳፏን መሬት ላይ ጫነች፤ አቧራ ይዛ አነሣችው። የጠርሙሱን አፍ ነካች፤ አረፋ ይዛ ተመለሰች። በመጀመሪያ በእናቷ ቋንቋ «ኢራይ ባዋ» አለች፤ ቀጥሎም ለእንግዶቹ እንዲገባቸው በአማርኛ አወጀች፦

«ቲቸር፣ ዝናብ የለም። መሬቱ ደረቅ ነው። ዝናብ ደግሞ ሳሙና የለውም።»

ባሮክም ምርመራውን በማጠናከር፣ «ሰው ሸንቶበታል!» ብሎ ጮኸ።

ሳቁ ግቢውን ሞላው። አቶ ጩማ ያችን ጣታቸውን ከሰውነታቸው አርቀው፣ እንደ ሻማ ቀጥ አድርገው ያዟት፤ ጉብኝቱ እስኪያበቃ ድረስም አላወረዷትም።

ዓመለወርቅ ግን ጠዋት እዚችው ላይ ብቻ ጥሎ አባርቷል ብትል ነገሩ ባለፈ ነበር፤ ዳይሬክተሩም በዓይናቸው እንዲያ በይ እያሉ ይለምኗት ነበር፤ የቋሚነት ደብዳቤው ማኅተም እንኳ ታያት። ሆኖም ህብረት አቧራማ መዳፏን ዘርግታ፣ ልክ የሆነው እጄ ነው ወይስ ትልልቆቹ ሰዎች እንደምትል ሁሉ፣ ቀና ብላ ታያት ነበር። ስለዚህ ዓመለወርቅ ጠርሙሱን ነቀለች፤ በሹማምንቱ ፊት አቧራው ላይ ገለበጠችው፤ አራገፈችውም። የመጨረሻውንም አዋጅ አስነገረች፦

«ህብረት ልክ ናት። ዛሬ አልዘነበም። ይኼን ውሃ የጨመረው ሰው ነው። ሂጂ የኔ ልጅ፣ ባዶ ብለሽ ጻፊ።»

አቶ ጩማም ቅጹን ገልብጠው ገልብጠው ዜሮ የሚገባበት ቦታ ቢያጡ፣ ከሥር እንዲህ አስጻፉ፦ «ግቡ አልተሳካም። ያጋጠመ ችግር፣ ዝናብ እንደ ባለድርሻ አካል በቅንጅት አለመሥራቱ። የመፍትሔ አቅጣጫ፣ ከዝናብ ጋር ያለውን የሥራ ግንኙነት ማጠናከር።» የዓመለወርቅም ቋሚነት ሁኔታው እስኪስተካከል ድረስ እንዲቆይ ተወሰነ። እርሷም በዚያ ቀን እስከ ቦዲቲ ድረስ ፊቷን ወደ ሚኒባሱ መስኮት አዙራ ሄደች፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሰዎች እንዳያዩባት።

በማግስቱ ዓርብ ግን ወደ ግቢው ስትገባ፣ አርባ ሁለቱ ሠራዊት ደወል ሳይደወል ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር። በዚያችም ቀን አዲስ ሥርዓት ተጀመረ፤ ሕፃናቱ ወደ ጠርሙሱ ከመሄዳቸው በፊት ዳይሬክተሩን ከበው ሁለት እጃቸውን ይዳስሳሉ፤ እርጥብ ይሁን ደረቅ ለመለየት፣ ውሃ የጨመረ እጅ ይረጥባልና። ዳይሬክተር ሐብተማርያም በመጀመሪያው ቀን ተቆጡ፤ በሁለተኛው ቀን እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ በሦስተኛው ቀን ቢሯቸውን ዘጉ፤ በአራተኛው ቀን ግን ሦስት ሰዓት ሲሆን ሳይጠሩ ወጥተው፣ ከህብረት ፊት ጎንበስ ብለው፣ ሁለት መዳፋቸውን በየተራ አገላብጠው አሳዩ። ህብረትም መርምራ፣ «ደረቅ ነው፤ ይለፉ» ብላ ፈቀደችላቸው።

እነሆ ምስጋና ለዓመለወርቅ፣ ባልዲ ላላሳታት፣ ጃንጥላ ላላስፈራራት፣ በአቧራ ላይ ቆማ ሐሰትን ለገለበጠች! ክብር ለእርሷ፤ የሠለጠኑት ሹም በፊቷ አልተንበረከኩም፣ ነገር ግን ባሠለጠነቻት በአንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።