በጥናት የተረጋገጠ እርጥበት

ሰው ያልፋል፣ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል። የሥነ ጽሑፍ መምህሩን የቀጠረው ኮሌጅ ይህን አጥብቆ ስለሚያምን፣ መምህሩ ገና በሕይወት ሳለ ከመቃብር እምብዛም የማይሻል ክፍል ሰጠው። ክፍሉ ምድር ቤት ነው። በጣሪያው ሥር የሚያልፈው ቧንቧ ክረምት ከበጋ ያንጠባጥባል፣ መጻሕፍቱ ይሻግታሉ፣ እሱ ያስላል። ሐኪሙም ከዚያ ክፍል ካልወጣ ሳንባውን እንዲረሳው ቁርጡን ነግሮታል።

ሰባት ዓመት አመለከተ፤ ሰባት ዓመትም «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል በማኅተም የደመቀ መልስ አገኘ። ሲመረው ብልሃት መጣለት። በቪክቶሪያ ዘመን በተጻፈ አንድ ወፍራም ልቦለድ ላይ ጥናት ሠራ። በልቦለዱ ውስጥ ረግረግ ዳር የተከራየች ልብስ ሰፊ በሳል ትሞታለች፤ ኮረብታ ላይ የሚኖር ሰነፍ ጌታ ደግሞ ውርስ በተኛበት ይመጣለታል። መደምደሚያው ግልጽ ነበር፤ የሰውን ዕጣ የሚወስነው ያለበት ቤት ነው። ይህን ሰምቶ ያልገባው ኃላፊ ከእንግዲህ ምንም አይገባውም ብሎ ተማመነ።

ገባቸው። የኮሌጁ ጉባኤ ፀሐይ በሞላው ሦስተኛ ፎቅ ተሰብስቦ ጥናቱን በጭብጨባ ተቀበለ፤ ልቦለዱን ያነበበ ባይኖርም ስለ ውፍረቱ ብዙ ተባለ። መምህሩ ሳሉን ዋጥ አድርጎ ተነሣ።

«እንግዲህ ክቡር ዲን፣ እኔም እንደዚያች ልብስ ሰፊ ሳልሆን ወደ ላይ ብወጣ።»

ዲኑ ከልባቸው አዘኑለት።

«ሰውን የሚሠራው ቤቱ ነው ያልከን አንተው ነህ። እዚህ ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ገጽ የጻፈ ሰው የለም። ታዲያ አንተን ለዚህ ያበቃህ የቱ ክፍል ነው? እያወቅን እንዴት እናጥፋህ ልጄ?»

ባዶ የነበረው የፎቅ ክፍል ለዲኑ የእህት ልጅ ተሰጠ፤ ፀሐይ የሚያበላሽበት ሥራ እንደሌለው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል።

በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛው የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ ምድር ቤት ገባ። መምህሩን ደስታው እንባ እንባ አለው። ሰውየው ግን መዶሻና ሚስማር አውጥቶ ግድግዳው ላይ አንድ ሰሌዳ ሰቀለ፤ «ይህን ቧንቧ መጠገን በጥናት ላይ በተመሠረተ ውሳኔ ተከልክሏል።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ዕቃ የለም ሲሉኝ ኖሩ» አለ ሠራተኛው መዶሻውን እየመለሰ። «ዛሬ ዕቃው ሲገባ ክልክል ሆነ። ይህን ያጠናውን ሰው ባገኘው የምለውን እኔ ነበርኩ የማውቀው። ያውቁታል፣ መምህር?»

መምህሩን ሳል ያዘው። ስሙን አልነገረውም።